የልጄን ላፕቶፕ በናሙና ላሳለፋችሁልኝ

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ፈንታው፣ የ«ፍሬው ይድረስ» የቁጠባና ብድር ማህበር የዕቃ ጥራትና ርክክብ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያን ሁሉ ስብሰባ ለተሸከመው ወገብዎ ፍጹም ጤንነት እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም ባለቤቴ የሺሃረግም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሳያዩ «ደህና ነው» ማለት የኮሚቴዎ ሥራ ስለሆነ በሰው ሥራ መግባት አልፈለግሁም።

ገብረወልድ ነኝ፤ ከመናኸሪያው በታች ጃንጥላና የፕላስቲክ ጫማ የምሸጠው። ዝናብ በያዘዎት ቁጥር ሱቄ በር ላይ ስለሚጠለሉ መልኬ አይጠፋዎትም። የምጽፍልዎ ስለ ልጄ ስለ ብሩህና ኮሚቴዎ ስላስረከበው ላፕቶፕ ነው። ቢሮዎ ድረስ በተደጋጋሚ መጥቼ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ከስብሰባ ሲወጡ እንዲያነቡት፣ ያለፈ ያገደመው ሰውም እንዲያነበው፣ ይህን ደብዳቤ በማህበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ብሩህ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ አብረውት ያደጉት ልጆች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄዱ ሲያልቁ፣ እርሱም ደላላ አነጋግሮ ልብሱን ሸክፎ ነበር። እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ኮምፒውተርና ጌም የሚወድ ልጅ ስለነበረ፣ ማህበርዎ ለወጣቶች ዕቃ በዱቤ ይሰጣል ሲባል ሰምተን፣ ላፕቶፕ ወስዶ ጌም ቤት እንዲከፍት ተማከርን። ያን ዕለት ሻንጣውን ፈትቶ ልብሱን ወደ ቦታው እየመለሰ፣ «እማዬ፣ ጌም ቤቱ ከሠራልኝ የትም አልሄድም» አላት። ለኮሚቴዎ ከብዙዎቹ አንዱ የነበረው ላፕቶፕ ለእኛ የልጃችን የመቅረትና ያለመቅረት ጉዳይ ነበር። ይህን በማመልከቻው ላይ ስላልጻፍነው ባያውቁት አልፈርድብዎትም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ምስጋናዎቼን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የቡና አገር ልጆች መሆናችንን ኮሚቴዎ ስላልረሳ አመሰግናለሁ። ቡና ሲመረመር ጫፉ የሾለ ቱቦ ብረት ጆንያው ውስጥ ይሰካና የሚወጣው እፍኝ ተቆልቶ፣ ተቀምሶ ስለ ጭነቱ ይመሰክራል። ኮሚቴዎ ይህንን የአባቶች ጥበብ ወደ ላፕቶፕ አሸጋግሮታል። ለዚህም ሲባል በኮምፒውተር ሰው ምትክ፣ በቡና ምርመራ ጠጉራቸው የሸበተውን አቶ ሸምሱን አስመጣችሁ። ዕቃውን ያመጣው ነጋዴ በገዛ እጁ ከላይ ያስቀመጠው ካርቶን ተከፈተ፤ ላፕቶፑ ወጣ፤ የኳስ ጌም ተጫነበት፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እርስዎም ሁለት ደቂቃ ተጫውተው ጎል አስቆጠሩ፤ በገዛ ቡድንዎ ላይ ቢሆንም አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያም «ናሙናው አልፏል» ተብሎ የሚዛኑም፣ የቴፒውም፣ የሸኮውም ድርሻ እንደታሸገ አለፈ።

ልጄ እዚያው ቆሞ ነበር። ከመፈረሜ በፊት የእኔን ከፍቼ ልየው ብሎ በትሕትና ጠየቀ። እርስዎም ማሸጊያው ከተቀደደ ዕቃው አዲስ መባሉ እንደሚቀር፣ ኮሚቴውን አለማመንም ከአንድ ጨዋ ልጅ እንደማይጠበቅ አስረዱት። ልጄ ጨዋ ስለሆነ ፈረመ። በዚያ ሰዓት ብልግና ቢጤ ባስተማርኩት ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

2ኛ. የላፕቶፑን ጉልበት ስለለካችሁበት መለኪያም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ «አምስት መቶ ጊጋ» የሚለው በደማቁ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ልጄ ቤት ወስዶ ሲከፍተው ውጪው ከናሙናው ጋር አንድ ነው፤ ቀለሙም፣ ማርኩም፣ አምስት መቶ ጊጋውም አለ። የሌለው ናሙናው የነበረው ግራፊክስ ካርድ ነው። እኔ ጃንጥላ ሻጭ ነኝና ምን ማለት እንደሆነ ስላልገባኝ ብሩህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በሚገባኝ መንገድ አስረዳኝ። አምስት መቶ ጊጋ የተባለው ሃርድ ዲስክ መጋዘን ነው፤ ሲሰፋ ጌሙ ይቀመጥበታል እንጂ አይሮጥበትም። ራም ቡና እንደሚሰጣበት አልጋ ነው፤ ከጠበበ ሥራው ተራ ይጠብቃል። ፕሮሰሰሩ ያሰላል፣ ያዛል። ሜዳውን፣ ሣሩን፣ የተጫዋቹን ላብ ሳይቀር እየሣለ የሚያቀርበው ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ከባድ ጌም ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ፣ የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ይፈልጋል። ካርዱ እንደ አምፖል ተገዝቶ በኋላ የሚገጠምም አይደለም፤ ላፕቶፑ ሲሠራ ከሌለው የለውም። ጌሙ የሚፈልገውን ሁሉ ራሱ ዘርዝሮ ይናገራል፤ እርሱን ከማሽኑ ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። መጋዘኑን ለክታችሁ የመኪናውን ፍጥነት ስለነገራችሁን በእውነቱ ደንቆናል።

3ኛ. ስለ ሰጣችሁን ምክርም ላመስግን። ልጄ ተስፋ ሳይቆርጥ ክፍል ተከራየ፤ ግድግዳውን ራሱ ቀባ፤ እህቱ መክሊት መጋረጃ ሰፋችለት፤ በገበያ ቀን ከፈተ። ወጣቱ ገባ፣ ኳሱ ተጀመረ። አጥቂው ሳይመታ ግብ ጠባቂው ይወድቃል፤ ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ትጠፋና መረብ ውስጥ ትገኛለች፤ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይቆማል። አንዱ ልጅ ተነሥቶ፣ «ብሩህ፣ ኳስ አጫውተን አልን እንጂ ፎቶ አሳየን አላልንም» አለውና ተሳሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ተያይዘው ወጡ፤ ሌላ ቀን ግን አልተመለሱም።

ቢሮዎ መጥቶ ሲያመለክት «ላፕቶፑ ይበራል?» ተብሎ ተጠየቀ። ይበራል አለ። «እንግዲያው ይሠራል» ተባለ። ሁለተኛ ሲመጣ የምስሉን ጥራት ቀንሰህ አጫውት ተባለ፤ ይህንንማ ገና ዱሮ ሞክሮታል። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ተጫዋቾቹ ዓይንና አፍንጫ የሌላቸው ሆኑ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። ሦስተኛ ሲመጣ ጌም ሥራ ነው ወይ፣ ለምን ደብዳቤ አትጽፍበትም ተባለ። ለማን ይጻፍ? ለእናንተ ከሆነ ጽፎ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤለት ሄድኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ላፕቶፑን ሁለት ጣውላ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይግልበት ከሱቄ በወሰደው የጃንጥላ ካርቶን ብቻውን ያራግብለታል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን የሚያስታምም ነው የሚመስለው። ቀና ብሎ «ዛሬ ትንሽ ይሻላል» አለኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ወንድ ልጅ ነኝ ብዬ ያን ጊዜ አላለቀስኩም፤ ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ፤ አሁን ይህንን ስጽፍ ግን ወረቀቱ እየራሰ አስቸግሮኛል።

4ኛ. አቶ ሸምሱን በተመለከተ የማቀርበው ቅሬታ የለኝም። ከመላው ኮሚቴ ቤታችን የመጡት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ወንበር ብንሰጣቸው አልቀመጥ ብለው፣ «ገብረወልድ፣ ቡና ቢሆን አንዱንም ጆንያ ሳልወጋ አላልፍም ነበር። ይኼ የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ መንታ ነው ብለውኝ ተታለልኩ» አሉኝ። ለካ የአባቶች ጥበብ ያልነው እንኳ እያንዳንዱን ጆንያ መውጋት ኖሯል። ለቡና ያላችሁን ጥንቃቄ ግማሹን ለልጆቻችን እንድታደርጉ መጠየቅ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተውኩት። ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር የሚጻፍ አይደለም።

ብሩህ ተደብቆ አልሄደም። ሻንጣውን በጠራራ ፀሐይ፣ እኛ እያየነው ነው የሸከፈው። እናቱ ቃልህስ አለችው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና፣ «እማዬ፣ ቃሌን አላፈረስኩም። ጌም ቤቱ አልሠራም» አላት። እውነቱን ነበር። እኔ እስከ መናኸሪያው ሸኘሁት፤ ከሱቄ አንድ ጃንጥላ ሰጠሁት፤ እዚያ አያስፈልገኝም ብሎ መለሰልኝ። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

ከሞያሌ ደወለ። ዝናቡ አባርቷል ወይ፣ መክሊት ፈተናዋን እንዴት አደረገች ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሣም። አብረውት ከወጡት ልጆች የአንዳንዶቹ እናቶች ልጆቻቸው ደውለውላቸዋል፤ ሊያጽናኑን ይመጣሉ፤ ስለ ብሩህ ስንጠይቃቸው ግን ወሬ ይቀይራሉ። የሺሃረግ እነርሱን ሸኝታ ስትመለስ ቡናውንም ምሳውንም ትታ ጓዳ ትገባለች። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። አሁን ይህን ጻፍኩት፤ ለሚስቴ ግን አፌን ሞልቼ ብያት አላውቅም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን የኮሚቴዎ ደብዳቤ በክብር ደረሰን። ማህበሩ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ የጥራት ጉድለት መኖሩን አምኖ፣ ነጋዴው ዕቃውን በሙሉ እንዲለውጥ አስደርጓል፤ አዲሱ ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ስለሆነም ተረካቢው ወጣት በአካል ቀርቦ፣ ካርቶኑን ራሱ ከፍቶ፣ የሚፈልገውን ጌም ራሱ ጭኖ ሞክሮ፣ ሲረካ ብቻ እንዲፈርም ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄ በዚያ አዳራሽ ቆሞ የለመናችሁ ይህችኑ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት በኮሚቴዎ ላይ መተረት ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

የሺሃረግ የክት ልብሷን ለብሳ ቢሮዎ መጥታ ነበር፤ እኔ ልፈርምለት፣ ሲመለስ ያገኘዋል ብላ። ጸሐፊዋ በጣም በትሕትና፣ ውክልና እንደማይቻል፣ ተረካቢው ካልቀረበም ዕቃውን እንዳልፈለገው እንደሚቆጠር ነገረቻት። ባለቤቴ ይህንኑ ቃል ይዛ ተመለሰች። እንዳልፈለገው ይቆጠራል ትላለች፤ ድስት እያማሰለችም ትለዋለች።

ስለዚህ መልሴን እነሆ እላለሁ። ልጄ በአካል መቅረብ ባለመቻሉ ኮሚቴውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላፕቶፑን ሻንጣውን ሸክፎ ለተቀመጠ ለሌላ ሰው ልጅ ስጡት፤ በዚህች ከተማ ፈልጋችሁ አታጡም። ብቻ ከመፈረሙ በፊት ይክፈተው። ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ብሩህ ገብረወልድ አልፈለገውም ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ይህቺን አንዲት ነገር በልመና ሳይሆን በመብቴ እጠይቃለሁ።

ለከፈሉት መሥዋዕትነት፣ ለታሸገ ካርቶን ላሳዩት ጽኑ እምነት፣ ዘግይቶም ቢሆን ስለ ደረሰው ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእርስዎ ልጆች ሁልጊዜም በአካል የሚቀርቡ ያድርግልዎ። ዝናብ ሲይዝዎ ሱቄ በር ላይ መጠለልዎን እንዳያቋርጡ አደራ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ገብረወልድ
የብሩህ አባት

ማሳሰቢያ፦ በደብዳቤያችሁ ግርጌ፣ አሮጌውን ላፕቶፕ የሚያነሣ ሠራተኛ ቤታችን ድረስ እንደምትልኩ ገልጻችኋል። ይምጣ፤ ላፕቶፑ ተጠርጎ ተቀምጧል። ብቻ የምትልኩት ሰው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከደጅ ሆኖ ማንነቱን ይናገር። በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጣ የምትከፍተው የሺሃረግ ናት፤ መቀርቀሪያው ጋ ከመድረሷ በፊት እርሱ አለመሆኑን ብታውቅ ይሻላል።