ጉንዳኖቹ ያወቁት

ጥቅምት 3
ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ተቆጣጣሪው አንዱን አንሥቶ፣ «ይሄ ለቀጭኔ ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ግን ቤት ነበር… እንደ ሁልጊዜው።

ስገባ ልጄ ሚጣ ተኝታለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ቆጠርኩ። በደቂቃ አርባ ሁለት። ልቧ ላይ ባለው ቀዳዳ የተነሣ ውሃ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከተወለደች ጀምሮ። ውሃውን የሚያስወጣው መድኃኒት በቀን ሁለቴ ነው፣ ጠዋትና ከሰዓት። በሁለቱም ሰዓት እኔ ፋብሪካ ነኝ። የምትሰጣት እታለም ናት፣ ታላቅ እኅቴ። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች። አንድ ቀን እንኳ ዘላ አታውቅም።

መድኃኒቱን የምትሰጥበትን ስሪንጅ ጉንዳን ወሮት አገኘሁት።
«መራራ የሚወድ ጉንዳን ደግሞ የት አለ?»
«የድሃ ቤት ጉንዳን ምን ያማርጣል» ብላ አጠበችው።

ጥቅምት 6፣ እሁድ
ዛሬ መድኃኒቱን እኔ ሰጠኋት። ተፋችው፣ ቀሚሴ ላይ። ከእታለም እጅ ግን አፏን እንደ ጫጩት ከፍታ፣ እንደ ማር ነው የምትልሰው። አይቻለሁ። ከእኔ እጅ ለምን ይመራታል? ቀናሁ። በገዛ እኅቴ… ያውም ባሳደገችኝ።

ጥቅምት 15
ስምንት ኪሎ ከስምንት! ባለፈው ወር ስምንት ከአንድ ነበረች። ዘጠኝ ስትሞላ የልቧ ቀዶ ሕክምና ቀን ይቆረጣል፤ ዶክተሯ ቃሏን ሰጥታናለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጉንጭ አውጥታለች። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ሁሉ ሞላ ሞላ ይላል፣ የጠገበ ሕፃን ዓይን። ሚዛኑ ላይ እንዳለች ሳምኳት። በሳቅ ሞትኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።
«ምነው፣ ደስ አላለህም?»
«ኧረ ደስ ብሎኛል።»
ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ጫማ።

ጥቅምት 22
ዘጠኝ። ድፍን ዘጠኝ! ነገ ሆስፒታል። ዛሬ አንድም ኮሌታ አላጣመምኩም።

ጥቅምት 23
ሆስፒታል ወረፋ ላይ የምንገናኝ እናቶች ስም አንጠያየቅም። «ያንቺስ ስንት ኪሎ ገባ?» ነው ሰላምታችን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እንደዚያው ጠየቀችኝ። ሁለት ልጅ እዚህ ያመላለሰች ናት። «ዘጠኝ» አልኳት። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ አላለችኝም። የሚጣን ካልሲ ዝቅ አድርጋ ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን አነሣች። ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ።
«እናቴ… ይሄ ሥጋ አይደለም።» ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።

ዶክተሯም ያንኑ አለች። ውሃ ነው።
«መድኃኒቱን አቋርጣችኋል?»
«በፍጹም! ወረቀቱ አለ፣ ምልክቱ…»
«ወረቀቱን ተዪው። ጠርሙሱን መቼ ቀየራችሁ?»
መቼ ነው የቀየርነው?

አስተኟት። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አድርገውላታል። ቱቦውን በዚያች ትንሽ ጣቷ ልትነቅለው ትታገላለች።

ጥቅምት 24
ልብስ ልወስድ ቤት መጣሁ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ማለቅ ነበረበት። ከግማሽ በላይ አለ። የጎደለው የእሁዶቹ ነው። የእኔው።

«እታለም፣ ምን ነበር የምትሰጫት?»
የሚጣን ልብስ ማጠፍ ያዘች።
«እታለም!»
«ስኳር በውሃ።»
ልብስ ማጠፏን አላቆመችም። «ያንን መድኃኒት በጠጣች ቁጥር ስትሸና ነው የምትውለው። ከንፈሯ ደርቆ ውሃ ውሃ ትላለች። እንዲያ እየተንጠፈጠፈች መቼ ነው ዘጠኝ የምትሞላው? ባቆምኩላት በሳምንቱ ኪሎ ጨመረች። በዓይንሽ አይተሻል እኮ!»
«ምልክቱስ?»
«አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ… ይቺን ተረት ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ትንሽ ሆኜ፣ ጸጉሬን እየሠራችኝ።

ጥቅምት 25
ባለቤቴም ያውቅ ነበር።

ስኳሩን ስትበጠብጥ አይቷታል። ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነገረኝ፣ ግድግዳውን እያየ።
«ልነግርሽ ስል ሚዛኑ ላይ ስትስቂ አየሁሽ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ኪሎዋም ሲጨምር… ምናልባት እታለም ትሆናለች ልክ አልኩ።»

በሳቄ አሳበበ። ሌላ ማሳበቢያ አጥቶ? ለካስ የታሰረ ጫማ የሚታሰረው ለዚህ ነው።

ጥቅምት 26
ይህን ደብተር ወደ ኋላ አነበብኩት። «ጉንጭ አውጥታለች።» «የጠገበ ሕፃን ዓይን።» ማን ጻፈው? የእኔ እጅ ነው። ጉንዳኖቹም ተጽፈዋል። እነሱ እንኳ ቀምሰው አውቀዋል።

ኅዳር 2
ከሆስፒታል ወጣን። ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ። «ይሄ ነው እውነተኛ ክብደቷ» አለች ዶክተሯ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ቀረ። ዘጠኝ ኪሎ ሥጋ ስትሞላ ኑ ተባልን።

ፈረቃዬን ወደ ማታ አስቀየርኩ። ሁለቱንም ጊዜ የምሰጣት እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ከእኔ ቦርሳ አይወጣም። ሚጣ ግን ግማሹን ትተፋዋለች። አፏን በግድ እይዛለሁ። ታለቅሳለች፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እለቃታለሁ። የተፋችውን ልድገም? አልድገም?

ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው ስለ ዳይፐር ብቻ ነው።

ኅዳር 9
እታለም መጣች፤ ስኳሩን ካመነችልኝ ወዲህ ገና ዛሬ። በሩ ላይ ቆመች፣ እንደ እንግዳ። «ልያት ብዬ…» አለች። ግቢም አላልኳት፣ ሂጂም አላልኳት።

ሚጣ ድምጿን ሰምታ እየተንገዳገደች ሄደችላት። አፏን ከፍታ። ገና ሳትታቀፍ።

የከሰዓቱ መድኃኒት ሰዓት ደርሶ ነበር። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ስሪንጁን ሞልቼ ለእታለም አቀበልኳት።
«አንቺ ስጫት።»
«እኔ? ተይ እንጂ፣ የኔ እናት…»
«ከእኔ እጅ ትተፋለች። ከአንቺ እጅ ትውጣለች።»

እታለም ስሪንጁን ተቀበለች። ሚጣ አፏን እንደ ከፈተች እየጠበቀች ነው። ገፋችላት። ሁሉንም ዋጠችው፣ ጠብታ ሳታስቀር። ከዚያ መረራት። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አክስቷን አየቻት… ብዙ አየቻት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሰሞኑን ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር መስታወቱ ውስጥ የማገኘው ነው። ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

እታለም ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። እኔ ወደ ማቀዝቀዣው ሄጄ፣ በሰማያዊው እስክሪብቶ፣ ምልክት አደረግሁ።