ላባ የሌላት ፍላጻ

ሰሜን ሚሺጋን፣ ሴፕቴምበር 14

ውድ እህቴ አይላ፣

መርከቡ እንዴት ይዞሻል? ደብዳቤሽ ደርሶናል። እማዬ ደጋግማ አነበበችውና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። እሷ ደህና ናት። እሁድ ዕለት በሊጥ የተጠቀለለ የሥጋ ፓስቲ ስትጋግር እንደ ድሮው አንዱን ያለ ሽንኩርት ሠራች፣ ለኤይኖ። ማናችንም አልነካነውም።

የጠየቅሽኝን ጀምሬያለሁ። «አደን ሲከፈት እመጣለሁ፣ የኤይኖን ፍላጻዎች አስተካክለህ ጠብቀኝ» ብለሽ የለ? ቀስቱን ከግድግዳው አወረድኩት። ኤይኖን ከሐይቁ በረዶ ሥር አውጥተን የቀበርነው ዕለት እማዬ «ቀስቱ የአይላ ነው» ስትል እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር። መንታው ስለሆንሽ ማንም አልተገረመም። 

እናንተ ታደርጉት እንደነበረው ላባ ካላቸው ጋር አንዲት ላባ የሌላት የካርቦን ፍላጻ ዒላማ ወደምናደርገው የድርቆሽ ክምር ወረወርኩ። ላባ ጥፋትን ይሸፍናል፤ ላባ የሌላት ግን እውነቱን ታወጣለች። ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ግራ ሸሸችብኝ። ግትር ሆናለች፣ ከቀስቱ ስትወጣ በበቂ አትታጠፍም ማለት ነው። ባሳጥራት የምትለዝብ መስሎኝ በመጋዝ ቆረጥኳት። ጭራሽ ድርቆሹንም ሳተችው።

አጎቴ ሬይኖ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኝ ነበር።

«አንተ ጎረምሳ፣ ሲያጥር ይብሱን ይገትራል እንጂ መቼ ይለዝባል? አሁን በሙጫ ልትቀጥላት ነው?»

«ፍላጻዎቹ ተበላሽተዋል» አልኩት።

«ምንም አልሆኑም። ክንድህ ነው አጭሩ። እንደ ኤይኖ ስበህ ስለማታደርስ ጅማቱ ላንተ ያን ያህል አይገፋም። አይላ ብትስባቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ክንዷ ቁርጥ የሱ ነው።»

ቀናሁብሽ አይላ። አንቺ ባሕር ላይ ሆነሽ፣ ጣትሽን እንኳ ሳታሳርፊባቸው፣ ፍላጻዎቹ ያንቺ ናቸው። እኔ የኤይኖን ጃኬት ለብሼ፣ አልጋው ላይ ተኝቼ እንኳ አይሆኑኝም። ትምህርት ቤት ያሉት ሳይቀሩ «አይላ እንዴት ሆነች? መንታዋን አጥታ» እያሉ ይጠይቁኛል። «አንተስ?» የሚለኝ የለም። ወንድሜ አልነበረም እንዴ?

ከሌላ ፍላጻ ላይ ላባውን ላጥኩና የሁሉንም የጫፍ ብረት ፈትቼ በከባድ ቀየርኩ። ጫፉ ሲከብድ እንጨቱም ካርቦኑም ይለዝባል። ላባ የሌላት ከሌሎቹ ጎን ገብታ ተተከለች። ለእኔ ክንድ ተስተካከሉ ማለት ነው።

አጎቴ ሬይኖ አንዱን ነቅሎ በጣቱ መዘነው። «የማንን ፍላጻ ነው የምታስተካክለው?»

«የአይላን።»

«ክንዷን ባሕር ላይ ጥላ ነው የምትመጣው?» አለና ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ሳውናው ሄደ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልሆነልኝም። ፍላጻው ከቀስቱ ሲወጣ ጭራው ወዴት እንደሚወዛወዝ የወረወረው ሰው አያይም፤ ከኋላ የቆመ ነው የሚያየው። ኤይኖ ሲወረውር አንቺ ከኋላው ቆመሽ «ወደ ቀኝ፣ አሁንም ወደ ቀኝ» ትይው ነበር። እኔን «አርቮ፣ ሮጥ ብለህ ንቀል» ነበር የምትሉኝ። ሲበርሩ አይቻቸው አላውቅም፣ ከተተከሉ በኋላ ነው የማውቃቸው። አሁን በወረወርኩ ቁጥር ዞር እላለሁ። ያለው አጥሩ ብቻ ነው።

ትናንት ከፍላጻዎቹ ግማሾቹን ወደ ድሮ ጫፋቸው መለስኳቸው። እነሱ ያንቺ ናቸው። ከባዶቹን አልመልስም፣ ብትቆጪም። ቀስቱ አንድ ስለሆነ ተራ እንገባለን። ነገር ግን መጀመሪያ እኔ ልወርውር፣ አንቺ ከኋላዬ ቁሚልኝ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች፣ ካልሲሽን ደርበሽ ልበሺ ብላለች። ባሕሩ ይተኛልሽ፣ እግዚአብሔር መንገድሽን ያሳጥረው።

የቀረሽ ወንድም፣
አርቮ