ሞተሬ ሚላን፣ ጎማዬ አዳማ

ለተከበሩ አቶ ዲበኩሉ ነጋሳ
የምሥራቅ በር የአየር ጭነት ሰነድ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ አካም ጅርቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የቢሮዎ ማራገቢያስ በዚህ ሙቀት ይሠራል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጅዎን ስጠና ቆይቼ ናፍቆትዎ ቢበረታብኝ፣ በአካል ማግኘትዎ ደግሞ ቀጠሮ፣ ቀጠሮውም ሌላ ቀጠሮ የሚፈልግ ቢሆንብኝ፣ ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ። ስሜ ሮማነወርቅ ነው፤ የአዳማ ሰው ግን ቲቸር ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ አምና ጡረታ የወጣሁ፣ ቀይ ሞተር የምነዳ ሴት ነኝ።

ጉዳዬን እርስዎ ያውቁታል፤ አንባቢ ግን አያውቀውምና ይፍቀዱልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአልፕስን ተራሮች በጠመኔ ስስል ኖሬያለሁ። አንዱ ተማሪ ተነሥቶ አይተዋቸው ያውቃሉ ወይ ባለኝ ቁጥር ሰሌዳ ማጥፋት እጀምር ነበር። ጡረታ ስወጣ ከጓደኛዬ ከነርስ ኤቢሴ ጋር መከርንና፣ ከደራ እስከ አርሲ ነገሌ ያልነዳንበት መንገድ ስለሌለ፣ በቃ አልፕስን በሞተር እንዙረው አልን። በመርከብ ብንልካቸው እስኪደርሱ በረዶው መንገዱን ስለሚዘጋው፣ ሞተሮቻችን በአውሮፕላን እስከ ሚላን እንዲሄዱ ወሰንን። የኤቢሴ ሞተር ሄዷል፤ እሷም ተከትላ ሄዳለች። የእኔ ቪዛ የሠላሳ ቀን ነው፤ አውሮፕላኔ የፊታችን ዓርብ ማታ ይነሣል፤ ከጥቅምት አጋማሽ ወዲያ ደግሞ ተራራው አያሳልፍም። የቸኮልኩት ለዚህ ነበር፤ በጽሕፈት ቤትዎ መቸኮል ነውር መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ. መስኮት ቁጥር ሁለት፣ የቤንዚን ሰልባቲዮው ጠብታ ሳይቀር ባዶ ካልሆነ አልፈርምም አለኝ፤ ልክ ነው፣ ቤንዚን ይዞ አይበረርም፣ ባዶ አደረግኩት። መስኮት ቁጥር አምስት ደግሞ ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ካልተሰማ አልፈርምም አለኝ። ስሞላው ሁለት ይቆጣል፣ ሳፈሰው አምስት ይቆጣል። አራት ቀን ሙሉ በሁለቱ መካከል እየገፋሁ ስመላለስ፣ ዘበኛው ጀቤሳ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ከኋላ አብሮኝ እየገፋ አይዞሽ ቲቸር ይለኝ ነበር። ሐኪም ያዘዘልኝን እንቅስቃሴ በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ጨርሼ ስኳሬ ወርዷልና እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ. አፈር ያለበት ጎማ ከአገር አይወጣም ተባልኩ፤ አጠብኩ። ተቆጣጣሪዎ ግን ምሳ ወጥተው ነበር። ተመልሰው እስኪመጡ ከወለንጪቲ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ አቧራውን እንዳለ መለሰልኝ። እንደገና አጠብኩ፤ እሳቸውም እንደገና ምሳ ወጡ። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። የአዳማን ነፋስ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ትውልድ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የተቆጣጣሪዎን የምሳ ሰዓት ግን እኔም አልደረስኩበትም።

3ኛ. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወይዘሪት ሶፊ በመስኮቱ በኩል ምን ሊላክ እንደሆነ ብትጠይቀኝ ሞተሬ ነው አልኳት። በእኛ ከተማ ሞተር ሳይክል ብሎ አሟልቶ የሚጠራው የትራፊክ ፖሊስና ማንንም የማታምነው ኤቢሴ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሞተር ብሎ ይገላገላል። ልጅቱም "ሞተር፣ ብዛት አንድ" ብላ ጻፈች፤ እርስዎም ፈረሙ፤ ማኅተሙም ደማቅ ነበር። እኔ የዘመድ ሰርግ ነበረብኝና ለአንድ ቀን አርሲ ነገሌ ሄድኩ። አንድ ማኅተም ለማድረግ ሦስት ሳምንት የሚፈጅበት ጽሕፈት ቤትዎ፣ በዚያች በአንዲት ቀን ጉድ የሚያሰኝ ሥራ ሠራ። ሞተሬ የታሸገበት ሳጥን ተከፈተ። ሞተር ማለት ለካ ከኮርቻው ሥር ሆኖ የሚያጓራው ብረት ብቻ ኖሯል! ሁለት ጎማ፣ አንድ ሻንሲ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ኮርቻና አንድ መብራት "በሰነዱ ያልተጠቀሰ ትርፍ እቃ" ሆነው ተገኙ። መካኒኩ ወዬሳ በደብዳቤ ታዝዞ ሞተሩን ፈታ። ሞተሩ በዚያው ዕለት በረረ፤ ትርፉ እቃ ከነደረሰኙ መጥቶ የቤቴን አጥር ተደገፈ።

ከሰርጉ ስመለስ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ኮርቻው ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ከዚያ ኤቢሴ ከሚላን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሞተሬ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ "በሰላም ገብቷል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ" ብላ ጽፋለች። ወይ ጉዴ! ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ እስኪወጣ ድረስ ሳቅኩ።

ቅሬታ ባቀርብ በሁለት መስመር የመለሱልኝን መልስ ፍሬም አሠርቼለታለሁ፤ "አመልካቿ ሞተር እንዲላክላቸው ጠይቀው ሞተር የተላከላቸው ስለሆነ ጉዳዩ ተዘግቷል" ይላል። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ሙሉ ማርክ ሰጥቼው፣ በማግስቱ ወላጅ አስጠራው ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ትርፉ እቃ በኀሙሱ ጭነት ሞተሩን ይከተል ዘንድ ነው። የሚገጥምልኝ ሰው ኤቢሴ እዚያ አግኝታለች። ቅጹንም እንደገና ሞልቻለሁ፤ ማንም ትርፍ እንዳይባል ከመሪው እስከ ጡሩምባው፣ ብሎኑም ሳይቀር በየስሙ ስለተጠራ ሰባት ገጽ ሆኗል። እርስዎ የሚጠበቅብዎ መፈረም ብቻ ነው።

ደጅዎን ረግጣ ረግጣ የአስፋልቱን ያህል ያወቀችው፣ በመስኮቶችዎ መካከል ክብደት የቀነሰችው፣ ጎማ ይዛ ሞተር የምትጠብቅ አክባሪዎ፤ ስላደረጉልኝ ሁሉ፣ ሊያደርጉልኝም ስላሰቡት ገለቶማ።

ሮማነወርቅ (ቲቸር)

ማስታወሻ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ግዢ ክፍል የሚሠራው ገላና የድሮ ተማሪዬ ነው። ለኃላፊው አገልግሎት "መኪና፣ ብዛት አንድ" ይገዛ የሚል፣ በራስዎ እጅ የተፈረመ መጠየቂያ ቢደርሰው፣ ምን ማለት እንደሆነ ሊያማክረኝ ቤቴ ድረስ መጣ። እኔም በመሥሪያ ቤቱ አሠራር መሠረት ከፊደሉ ዝንፍ ሳይል እንዲያነበው መከርኩት። ግዢው ዓርብ ጠዋት ነው። ትርፉ እቃዬ ኀሙስ ከበረረ፣ መኪና ሲባል አራት ጎማ ያለውም እንዳለ ደውዬ አስታውሰዋለሁ። ካልበረረ ግን ዋጋ የጠየቀባት የስፌት መኪና በጣም ጥሩ ናት፣ ፔዳልም አላት፤ መርፌና ክሩ ብቻ በሰነዱ ስላልተጠቀሱ ትርፍ እቃ ናቸው።