ለእህቴ ክበብ የሰጠሁት ዘጠኝ

ግንቦት 4፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቢሮ

የአሥራ አንድ ክበቦች ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል። ሰባቱን አነበብኩ። ዓይኔ ደከመ። የበጎ አድራጎት ክበብ ሃምሳ ገጽ ልኳል፤ አርባው ፎቶ ነው። አንድ ቀን አራዳ ገበያን ጠርገው አርባ ፎቶ! መጥረጊያው ላይ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ወይ ጉድ። ቲሸርታቸው ግን ያምራል።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የተማሪ ክበባት ሽልማት ዳኛ ስሆን ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ግን ትርንጎ አለችበት። ታናሽ እህቴ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እኔው ያሳደግኋት፣ አሁንም ማራኪ ሰፈር እኔው ቤት የምትኖረው። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍና ሃንድአውት እያነበበ በድምፅ የሚቀዳ ክበብ ትመራለች። ነገሩ የዋንጫ ብቻ አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት የሥራ ክፍል ያገኛሉ፤ የቀሩት ያላቸውንም ያስረክባሉ።

ለሰብሳቢያችን ለዶ/ር ካሳ ነገርኳቸው። እህቴ አለችበትና ልውጣ አልኩ። ሳቁ። አንቺማ ለእናትሽም አታዳዪም፣ እናውቅሻለን አሉ። ሦስተኛው ዳኛ መ/ር ሽባባውም ልክ ነው አለ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ቀረሁ።

ግንቦት 6፣ ከሰዓት

ክበቦቹን በየክፍላቸው እየዞርን አየን። የትርንጎዎቹ ከደረጃ ሥር ያለች የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ናት። ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ቸንክረዋል። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ለመቅጃ ሁለት ስልክ። ባነር የለ፣ ፎቶ የለ። ያላቸው መዝገብ ነው። ማን አነበበ፣ የቱን ምዕራፍ፣ ለማን። በየቀኑ ተጽፏል፤ አንድ ቀን አልተዘለለም። ትርንጎ አንዱን ቅጂ ከፈተችልን። የራሷ ድምፅ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆም ትልና ያንኑ ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ትደግማለች። ይህን ትዕግሥት ከየት አመጣችው? ከእኔ አይደለም።

አለባቸው የሚባል የሕግ ተመራቂ እዚያው ነበር። ከመካነ ብርሃን ከተማ የመጣ ልጅ፣ ዓይነ ስውር። ሰኔ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ክፍሏ ሸጋ ናት አለን፤ ከዚህች በፊት ከንባቡ ይልቅ የሰው ጫጫታ ነበር የሚሰማው። ዶ/ር ካሳ ለምን ፎቶ አታነሱም ቢሉት፣ «ምነው፣ ማን ሊያየው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ግንቦት 7፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ነጥብ ሰጠሁ። ማስረጃ የሚለው ከሃያ ነው። ለትርንጎ ክበብ 17 ጻፍኩ። ያ መዝገብ 17 ይገባዋል፤ እንዲያውም ያንሰዋል። ከዚያ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሽባባው ወረቀቴን ሲያይ ታየኝ። መምህራን ሻይ ቤት ተቀምጠው «ለእህቷ እኮ ነው» ሲሉ ታየኝ። ፎቶ የለም አይደል? የለም። ሰረዝኩት። 9።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሌላ ሰው እህት ብትሆን አልሰርዘውም ነበር። ፈረምኩ፣ አስገባሁ። እፎይ አልኩ። ምኑ እፎይ እንዳሰኘኝ እንጃ።

ግንቦት 11፣ 5 ሰዓት

ውጤት ተለጠፈ። የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ ከነስሙ። ይህን ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ አምና ግልጽነት ይኑር ብዬ ተሟግቼ። በማስረጃ ዶ/ር ካሳ 18፣ ሽባባው 16፣ እኔ 9። የትርንጎ ክበብ አራተኛ ወጣ። ከሦስተኛው ያነሰው በአምስት ነጥብ ነው። እኔ የሰረዝኩት ስምንት። ሦስተኛዎቹ እነዚያ ባለቲሸርቶቹ!

ትርንጎ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ሰው ይገፋታል። ጣቷን ስሜ ላይ አድርጋ ወደ ጎን ሳበችው፤ 9 ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽባባው ከኋላዬ መጥቶ ዳኛ ማለት አንቺ ነሽ አለኝ። በጥፊ ልለው ፈለግሁ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ክፍል ገባሁና እንደ ደህና ሰው አስተማርኩ።

ግንቦት 12፣ ጠዋት

ሄደች። ልብሷን በሻንጣ ይዛ፣ ዶርም ጓደኛዋ ጋ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «እታለም፣ እውነት የሚገባን ዘጠኝ ነው?» ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው፣ ይህን ማለት አቃተኝ። እንድታዳዪልኝ አልፈለግሁም፣ እንደ ሌላው ሰው ብታዪን ይበቃን ነበር አለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ቤቱ ጭር አለ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ከሆነች ጀምሮ ጸጉሯን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያደርኩት እኔ። ለወሬ ብዬ ሸጥኳት።

ግንቦት 14፣ ከሰዓት

እነ ትርንጎ ከደረጃ ሥር ያለችዋን ክፍል አስረከቡ። ፍራሹ ተነቅሎ ደጅ ተጥሏል። ባለቲሸርቶቹ ባነር ያስገባሉ።

አለባቸውን ከዋናው በር አጠገብ ዛፍ ሥር አገኘሁት። አንዲት ልጅ ታነብለታለች። የሚኒባስ ረዳቱ ፒያሳ! ፒያሳ! እያለ ይጮሃል። ልጁ ጆሮውን በእጁ ከልሎ አንገቱን ወደ ልጅቷ አስግጓል። ሰላም አልኩት። በድምፄ አወቀኝና ብድግ አለ። ምንም አልተቀየመኝም። ትርንጎ ሁልጊዜ የምታወራው ስለ እርስዎ ነው፣ እናትም እህትም ሆነው እንዳሳደጓት ነግራኛለች አለኝ።

ግንቦት 15፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ዶ/ር ካሳ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። 17 ነበር፣ በይሉኝታ ሰረዝኩት፣ የእኔ ወረቀት ይውደቅ። እሳቸው ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ አሉኝ። ቁልፉ ለሌሎቹ ተሰጥቷል፣ ለመጪው ዓመት ይታያል። ደግሞስ አሁን ብታነሺው ለእህቷ ብላ ነው ይሉሻል።

መጪው ዓመት! ፈተናው ሰኔ ነው እኮ! ተናደድኩ። በሳቸውም በራሴም። የዚያን ዕለት ልውጣ ስል እሳቸው ሳቁ እንጂ አላሰሩኝም። ያስቀረኝ ኩራቴ ነው።

ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት መስመር። አሥራ ሰባት የሚገባውን ዘጠኝ ያልኩት ለስሜ ፈርቼ ነው፤ ክበቡ ጥፋት የለበትም፤ ዳኝነቱን ለቅቄያለሁ። ፈርሜ ከውጤቱ ጎን ለጠፍኩት።

ግንቦት 17፣ እሑድ፣ 8 ሰዓት

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወሬው ካምፓሱን ሞላው። እህቷ አልቅሳባት ነው አሉ። ሽባባው ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ይመልሳል። ይበሉ። ስፈራው የኖርኩት ይህን ነበር? ይህን ነው?

ከትርንጎ ግን ምንም የለም። ደብዳቤውን አንብባዋለች፣ ጓደኛዋ ነግራኛለች።

ዛሬ መኝታ ክፍሏን ባዶ አደረግሁት። አልጋውን አወጣሁ፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስገባሁ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከርኩ። መልእክት ላክሁላት። ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ነው፣ ጸጥ ያለም ነው። አለባቸውን ይዘሽው ነይ። ቁልፉ ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ጋ ነው። እኔ እስከ 12 ሰዓት አልገባም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ሳይ ቆየሁ። መለሰች። «እሺ መምህርት፣ እናመሰግናለን።»

መምህርት። እታለም አይደለም። ግን እሺ ብላለች።

ግንቦት 22፣ ምሽት 12 ሰዓት ከሩብ፣ ደጅ

ገና አልጨረሱም። ደብተሬ፣ ከራሴ ቤት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍህ። ትርንጎ ስለ ውል ሕግ ታነባለች፤ ድምፅዋ በመስኮቱ ይመጣል። አለባቸው ድገሚልኝ ይላታል። ትደግምለታለች። አንድ ቃል ምላሷን ያዘውና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ አሥር ቀን አልፏል።

ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። አወረድኩት። ብገባ ትነሳለች፣ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ ምዕራፉ ሳያልቅ ይሄዳሉ።

እማማ ጥሩነሽ በአጥር ብቅ ብለው ምነው ልጄ፣ ከደጅሽ ምን ያስቀምጥሻል አሉኝ። ነፋስ ልቀበል ነው አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን አላስጨነቁኝም።

ወሰንኩ። ፈተናው እስኪያልፍ ከ1 ሰዓት በፊት አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ዘግታኝ ትለፍ፣ ትስደበኝ፣ እንደፈለገች። አሁን ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ሊወጡ ነው መሰለኝ። ልነሳ፣ እዚህ ካየችኝ ነገ አትመጣም።