ግዝትሽን አፍርሼ አንዷለምን አስከተብኩት

ቢቸና፣ ኅዳር 1996 ዓ.ም.

ውድ ፈንታነሽ፣

መጀመሪያ ልጁ ደህና ነው፤ እሱን እወቂና ሌላውን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ዛሬ ጠዋት ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ወይንእሸት ከአጥር ማዶ ተጣራች። ልጇን ኩፍኝ ይዞታል። ትናንት ደግሞ ከኛው አንዷለም ጋር ሲጫወት ነው የዋለው! የጤና ጣቢያው የክትባት ዘመቻ የሚያበቃው ዛሬ ነው። ልጁን አዝዬ ስሮጥ አንድ እግር ጫማው መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። መስቀለኛው መንገድ ጋ ስደርስ ግን ግዝትሽ ያዘኝ። ልጃችንን ሰገነትን የቀበርን ለታ፣ «ወደፊት የምወልደውን መርፌ ብታስነካ በማርያም ገዝቼሃለሁ» ብለሽኝ እሺ ብያለሁ።

ዞሬ ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሮጥኩ።

«አባ፣ ግዝት ይፍቱልኝ!»

«ማን ገዘተህ?»

«ፈንታነሽ።»

አባ ገብረ ኪዳን ሳቁ። «እሷ ከገዘተችማ ጳጳስም አይፈታው!» አሉ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። «ስማ ታዘበው፣ ማርያም ራሷ ልጇን ልታድን ግብጽ ድረስ ተሰዳለች። አንተን ጤና ጣቢያ አቃተህ?»

«ግዝቱስ?»

«ስትመጣ ሁለታችሁንም አይና ንስሐ እሰጣለሁ። አሁን ሩጥ!»

የመጨረሻው ተሰላፊ እኔ ነበርኩ። ትናንት ተጋብቶበት ቢሆንስ? ቢያተኩሰውስ? ቢያብጥስ? እያልኩ ነርሷን አደረቅኳት። «ጋሼ፣ የሚከተበው ልጁ ነው እርስዎ?» አለችኝ፤ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀብኝ። ተጋብቶበት ቢሆን እንኳ ቶሎ መከተቡ ሊረዳው ይችላል፣ ግን ጠብቁት ብላለች። እየጠበቅኩት ነው። በየደቂቃው ግንባሩን ስነካው ተማርሮ «ተወኝ አባዬ» ይለኛል።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ።

እናትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፤ ልጅቱን የገደላት መርፌው ነው» ሲሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ። እውነቱን ግን አውቅ ነበር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ኩፍኙ ሳንባዋን ጎድቶታል፤ መርፌውን የወጋናት ለዚያ ነው። ቀድማ ተከትባ ቢሆን እዚህ ባልደረሰች» ብሎኛል።

ያልነገርኩሽ ለምንድን ነው? አንደኛ፣ እናትሽን ፈራሁ። ሁለተኛ፣ ዘጠኝ ወር ሲሞላት «እናስከትባት» ስትይኝ «አጨዳው ይለፍ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሦስተኛ ምክንያት የለኝም። ከኔ ይልቅ መርፌውን ብትጠዪ ይሻላል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺም ጠላሽው፤ አንዷለም እስከ ዛሬ ሳይከተብ የኖረውም በዚያ ነው። ዛሬ ልጁን አዝዬ ስሮጥ እግሬን ያሰረው ግዝትሽ መሰለኝ እንጂ የኔው ዝምታ ነው።

የእናትሽን አርባ አውጥተሽ ስትመጪ እንደ ፈለግሽ ስደቢኝ። ከቤት ውጣ ካልሽኝም እወጣለሁ፤ ልጁን ብቻ ቀጣዩን ክትባት አትከልክዪው። ደብዳቤውን ነገ አንቺ ወዳለሽበት ሞጣ ለሚሄደው ለይታያል እሰጠዋለሁ።

አንድ ነገር ይቀራል። ሰገነት የሞተች ቀን መቃብር ቆፋሪው፣ ድንኳኑ፣ ለዘመድ የሚላከው ሰው እያልኩ ስዞር ዋልኩ፤ አንቺ ብቻሽን አለቀስሽ። እኔ ለልጄ አላለቀስኩም፣ አንቺንም አላስተዛዘንኩም። ይሄ ያንቺ ዕዳ አለብኝ፤ እስከ ዛሬ አልከፈልኩሽም።

ታዘበው