«እንዳይነካ» የተባለው ኩብ

ለክቡር የሐረር ኩብ ፈቺዎች ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳልጠይቅ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በውድድሩ ዕለት ለክብር እንግዳው ሲሯሯጥ የዋለው ጉልበትዎም በፍጹም ጤንነት ላይ እንዲገኙ ልባዊ ምኞቴ ነው። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ሰው ለሰላምታ ያህል እንደሚለው፣ ደህና ነኝ።

ገላነሽ ለገሠ እባላለሁ፤ የምኖረው ሐኪም ጋራ ግርጌ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት ታይፒስት ሆኜ የሌሎችን ደብዳቤ ስመታ ኖሬአለሁ። «በአክብሮት እንገልጻለን» የሚለውን ሐረግ ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ። ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አክብሮቱ ከልክ ያለፈ መስሎ ከታየዎ የሙያ ልማድ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ከልጆች ጋር ኩብ ልትፈታ ለምን ተመዘገበች ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም። ያስተማረችኝ ልጄ ብሌን ናት። ስድስት ገጽ፣ ስድስት ቀለም ያለውን ያንን መጫወቻ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመጣ ይዛው መጣች። ሌላው ሰው ደባልቆ ይሰጣል፣ ፈቺው እያሽከረከረ እያንዳንዱን ገጽ ወደ አንድ ቀለም ይመልሳል፣ ሰዓት ይቆጠራል። «እማ፣ ይሄ የታይፒስት ጣትሽ ለምን ሥራ ይፈታል?» አለችኝና ጀመርን። እሷ በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ትጨርሳለች፤ እኔ ከብዙ ወር ልምምድ በኋላ አንድ ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ደረስኩ። እንደ እሷ አባባል ኩቡን የምፈታው ሽሮ እንደሚያማስል ሰው ነበር። ሐረር ላይ ውድድር የተዘጋጀ ቀን አብረን እንገባለን ተባብለን ነበር።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ የልብ ሕመሟ ጠናና ሆስፒታል ገባች። አልጋዋ ላይ ሆና ኩቡን እየፈታች ሳለ ወደ ሌላ ክፍል ሊወስዷት መጡ። ሁለቱን ደርብ ጨርሳ የላይኛው ብቻ ቀርቷት ነበር። ከአልጋው አጠገብ ያለው ኮመዲኖ ላይ አስቀመጠችውና «እንዳትነኪብኝ፣ እመለስበታለሁ» አለችኝ። አልተመለሰችም።

ኩቡን እንዳለ ወደ ቤት አመጣሁት። የቀረውን እኔ ራሴ፣ ሽሮ አማሳዋ እንኳ፣ በጥቂት ሰከንድ ልጨርሰው እችል ነበር። አልነካሁትም። በለቅሶው ሰሞን ኤረር በር አካባቢ የምትኖረው ወዳጄ ጃሚላ ቤቱን ስታጸዳልኝ በሁለት እጇ አንሥታ፣ ሥሩን ወልውላ፣ አንድ ጎን ሳታዞር መልሳ አስቀመጠችው። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «ይሄ አማና ነው፣ ማንም እንዳይነካው» አለች። አንዳቸውም አማና ያልሽው የአደራ ዕቃ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው ወይ ብለው አልጠየቋትም። አሥራ አንድ ወር እንዲህ ቆየ።

ከዚያ የእርስዎ ውድድር መጣ። አብረን እንገባለን ብለን ነበርና፣ ለመወዳደሪያ የራሴን ኩብ፣ አጠገቤ እንዲሆን ደግሞ የእሷን በመሐረብ ጠቅልዬ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው አዳራሽ መጣሁ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ. የጥሪ ወረቀትዎ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይላል፤ የክብር እንግዳው የደረሱት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሰከንድ መቶኛ በሚቆጠርበት ውድድር ሦስት ሰዓት ተኩል እንዴት ተቀምጦ እንደሚጠበቅ ስላስተማሩን ምስጋናዬ ይድረስዎ። አስተናባሪዎም ተወዳዳሪ ቁጥር 31 የሚል ወረቀት ደረቴ ላይ ተለጥፎ እያየ «እናቶች ከኋላ ነው» ብሎ ወላጆች መካከል አስቀምጦኛል። እናት ብሎ የጠራኝ ሰው ካጣሁ አሥራ አንድ ወር ሆኖኝ ስለነበር ቅር አላለኝም።

፪ኛ. ተወዳዳሪ ሁሉ በእኩል እንዲፈተን ዳኞች ኩቦቹን በአንድ ዓይነት መንገድ ደባልቀው፣ ማንም እንዳያያቸው ሸፍነው ማስቀመጣቸውን ያውቃሉ። የፕሮቶኮል ኃላፊዎ አቶ ሰለሞን ግን መሸፈኛውን ገልጠው የመጀመሪያው ምድብ ሃያ አራት ኩብ ተዘበራርቆ ሲያዩ ክው አሉ። እንግዳ መንገድ ላይ ሆኖ ይህ ምን ዓይነት ዝርክርክነት ነው ብለው ሁሉም ባስቸኳይ እንዲስተካከል አዘዙ። በጎ ፈቃደኞቹ ራሳቸው ኩብ ፈቺዎች ስለሆኑ ትእዛዙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ፤ ውድድሩም ሳይጀመር አለቀ። ባለሥልጣን በሚያልፍበት መንገድ ድንጋዩ ኖራ ሲቀባ እያየን ስላደግን ብዙ አልተደነቅንም። ዳኞቹ እንደገና ሲደባልቁ አንድ ሰዓት ሄደ፤ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ከልቤ ስስቅ ከመጋቢት ወዲህ ገና የመጀመሪያዬ ነበር፣ ስለዚህ ይህን ውለታዎን ያለ ምፀት አመሰግናለሁ።

፫ኛ. በደንብዎ መሠረት ተወዳዳሪ ይዞት የገባውን ኩብ ሁሉ በር ላይ ያስረክባል። ሳልጠረጥር ሁለቱንም አስረከብኩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። መዝጋቢዋ ሃና ስለ ሁለተኛው ኩብ ስነግራት አንድ ጥያቄ ሳትጨምር በቀይ እስክሪብቶ «እንዳይነካ» ብላ ጽፋ አሰረችበት። ከኮሚቴዎ የጽሑፍ ሥራ ሁሉ ያቺ አንዲት ቃል ትበልጥብኛለች።

እንግዳው ሲገቡ እኛም ብድግ አልን። ምንጣፍ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት የአበባ ማስቀመጫ መካከል፣ ተራው ያልደረሰ የተወዳዳሪዎች ኩብ ሁሉ በአቶ ሰለሞን ትእዛዝ ለጌጥ ተደርድሯል። ሁሉም ተስተካክሏል። ብሌን በነጩ ገጽ መካከል በእስክሪብቶ ያደረገቻት ነጥብ ባትኖር ኖሮ የእሷን ከሌላው አልለየውም ነበር። ነጩ ነጭ ብቻ፣ ቢጫው ቢጫ ብቻ ሆኗል። የሃና ወረቀትም የለም፤ ኋላ እንደተነገረኝ በቀይ የተጻፈ ነገር ጠረጴዛውን ያበላሸዋል ተብሎ ተቀዷል። እንግዳው ከዚያ ሁሉ መካከል ያንኑ መርጠው ከፍ አድርገው ለፎቶ ያዙት፤ በጣም ያምራል አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ እርግጥ ነው ያምራል።

ያስተካከለው አሽረፍ የሚባል ከበጎ ፈቃደኞችዎ አንዱ ነው። እኔ ከጠረጴዛው አጠገብ አልንቀሳቀስ ስል ጊዜ ነገሩ ገብቶት ራሱ መጣ። «ወላሂ እትዬ፣ ብዙ አልቀረውም ነበር፣ በአራት ሰከንድ ነው የጨረስኩት» አለኝ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። የማን እንደሆነ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቀለሞቹ እንዴት እንደነበሩ ካስታወስኩ አሁኑኑ ወደነበረበት እንደሚመልሰው ማለልኝ። ማስታወሱንስ አስታውሳለሁ፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ከእሱ ሌላ ምን ሳይ ኖርኩ? ግን ተው አልኩት። እሱ ቢመልሰው የአሽረፍ ሥራ ነው፣ እኔ ብመልሰው የእኔ። ልጄ እመለስበታለሁ ብላ ትታው የሄደችው ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። አሽረፍ አለቀሰ፤ እንባውን ስጠርግለት እኔም አለቀስኩ። እሱን አደራ እንዳይወቅሱብኝ፤ ታዞ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው ለአለቆቹ ነው።

፬ኛ. ከዚያ በኋላ ተወዳደርኩ። ቃል ነበረና። አምስት ሙከራ ተሰጠኝ፤ አራቱን በወጉ ጨረስኩ፤ ሦስተኛውንማ በአንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ፣ በዕድሜዬ ፈጥኜ በማላውቀው ፍጥነት። ቀና ብዬ «አየሽ?» የምላት ፈልጌ ያገኘሁት የወላጆችን ወንበር ነው። በአምስተኛው አንድ ዙር ብቻ ሲቀረኝ እጄ እምቢ አለኝ። ያንን የመጨረሻ ዙር ባዞረው አንድ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ የሚያልቅብኝ መሰለኝ። ኩቡን እንዳለ ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ፣ ሰዓቱን ሳላቆም ተነሥቼ ወጣሁ። ዳኛዋ ዋፊቃ ትንሽ ጠብቃኝ ነበር አሉ፤ ከዚያ በውጤት ወረቀቴ ላይ «አልተጠናቀቀም» ብላ ጻፈች። በዚያ ቀን ከተጻፈው ሁሉ እውነቱ እሱ ነው።

ኮሚቴዎ በማግስቱ በላከልኝ የምስጋና ወረቀት ላይ ለውድድሩ ድምቀት ላበረከቱት አስተዋጽኦ ይላል። ያ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ድምቀት ማለትዎ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ፎቶውንም በፌስቡክ ገጽዎ ላይ አይቼዋለሁ፤ እንግዳው በጣም ጥሩ ወጥተዋል። የብሌን ነጥብ በአውራ ጣታቸው ተሸፍናለች።

ካሳ አልጠይቅም፤ ይቅርታም ቢሆን በፕሮቶኮል በኩል የሚመጣ ከሆነ ይቅርብኝ። በሚመጣው ዓመት ግን በሩን የሚያልፍ አንድ ሰው ያልጨረሰው ነገር ይዞ ቢመጣ፣ ይህ ዝርክርክነት ነው ወይስ የሰው አደራ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሠራተኛ ይቅጠሩ። ጃሚላ ፊደል አልቆጠረችም፤ ለዚህ ሥራ ግን ከመላው ኮሚቴዎ ይልቅ ትበቃለች።

የተዘበራረቀ ሁሉ በፊትዎ እንዲስተካከል፣ እንግዳም ከደጅዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ አራት ሰከንድ የማይፈጀውን ከበሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

ገላነሽ ለገሠ
የቀድሞ ታይፒስት፣ ተወዳዳሪ ቁጥር 31

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ጃሚላ፣ ኤረር በር
ለወ/ሪት ብሌን ሚልኪያስ
ባሉበት

ሳልረሳው፦ ኩቡን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። የተስተካከለ ኩብ ሸዋ በር ገበያም አይጠፋም፤ እኔ የነበረኝ ያልተስተካከለው ነው። ስድስቱ ገጾች እንዴት እንደነበሩ በታይፕ ጽፌ አባሪ አድርጌአለሁ፤ ስለዚህ በቀለሙ በኩል ኮሚቴዎ የሚቸገርበት ምክንያት የለም። ቀሪው የልጄ እጅ ብቻ ነው። እሱንም ጨምረው እንደነበረ አድርገው ይመልሱልኝ። ሰዓት አልቆጥርብዎትም፤ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይውሰዱ። ካቃተዎት ግን በስምዎ ፊት በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ፦ «አልተጠናቀቀም»።