ፍሬኑን ራሴ እቀይራለሁ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ጠ. 2፡10

በረንዳ ላይ ነኝ። ከግቢ ስትወጣ ዛሬም ጮኸች። ኮሮላዋን ማለቴ ነው፣ ልጄን አይደለም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ነው፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ። የፍሬኑ ሸራ አልቋል። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ልጄ ሜሮን በዚህች መኪና ነው ሶሊን እዚሁ ሲኤምሲ ትምህርት ቤት አድርሳ ቦሌ ሥራዋ የምትገባው። ቅዳሜም ትሠራለች፤ የሆቴል ነገር። ባሏ ሐዋሳ ስለሚሠራ እሷና ልጇ እኛ ጋ ናቸው። ሶሊ አምስት ዓመቷ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ቆማ ነው የምትሄደው፤ ብትቆጣትም አትሰማም።

ከሰ. 11፡00

ሜሮን ስትመለስ መኪናዋን ኤርሚያስ ጋ ወሰድኳት፣ አስፋልቱ ዳር ያለው መካኒክ ጋ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሰው አያታልልም። ጎማውን እንኳ ሳይፈታ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ አየና ፈረደ። የፊት ሸራ፣ ግራና ቀኝ። ዕቃውን ከእጅ ዋጋው ጋር ሲነግረኝ ሣቅኩ። የጡረታዬ ግማሽ። ለእርስዎ ቀንሼ ነው ጋሼ አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውሮፕላን ጎማና ፍሬን ስፈታ ስገጥም ኖሬ ለኮሮላ ሰው ልቅጠር? ራሴ እቀይራለሁ አልኩት። አልተከራከረኝም። ዓይኑ ግን እጄ ላይ አረፈ መሰለኝ። ኪሴ ከተትኩት።

የእጄን ነገር የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ደብተሬ። ከፋሲካ ወዲህ ቀኙ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት ይሻለዋል። ከሰዓት የጻፍኩልህን አንተው ታየዋለህ፣ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። እንደ አሁኑ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰ. 10፡00

መገናኛ ሄጄ መጣሁ። ሚኒባስ፣ ግፊያ፣ ፀሐይ። የመለዋወጫው ሱቅ ሦስት ዓይነት ሸራ ደረደረልኝ፦ ኦሪጅናል፣ ኦሪጅናል የሚመስል፣ ርካሽ። በፍሬን አይቀለድም። ኦሪጅናሉን ወሰድኩ፤ የተረፈኝ የእጅ ዋጋው ነው፣ ይበቃል። ብር ስቆጥር አንዱ ኖት አመለጠኝ። ከኋላዬ ያለች ሴት አንስታ ሰጠችኝና ቀስ ይበሉ አባባ አለች። ከዚህ በላይ ቀስ የለም።

ሸራውን ለዘነበች አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና ኤርሚያስ ቢሠራው ምናለበት አለች። ሸራውን ወደ ካርቶኑ መለስኩት። ሁለተኛ አላነሳችውም። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት አንዴ ብቻ ተናግራ ዝም ስትል ደስ አይለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ጠ. 3፡00

ሜሮን ዕረፍት ናት። ሶሊን አድርሳ ተመልሳ ተኝታለች። መኪናዋ ዛሬ የእኔ ናት። ማዳበሪያ ዘርግቼ ዕቃዎቼን በተራ ደረደርኩ፦ ክሪክ፣ ጎማ መፍቻ፣ 14 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ የብረት ብሩሽ። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባሁ። የእጅ ፍሬን ተይዟል። እጄ ረጋ ብሏል። ልጀምር።

ቀ. 6፡20

ቀኙ አለቀ። ካሊፐር የሚሉት ብረት ሸራዎቹን እንደ ጡጫ ጨብጦ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ነው፤ ሁለት ብሎን ይዞታል፣ ከላይና ከታች። ሁለቱንም ፈትቼ በሽቦ አንጠለጠልኩት። የድሮው ሸራ እንደ ብስኩት ሳስቷል፤ ጥጉ ላይ ብረቱ ወጥቷል። ልጄ በዚህ ስትነዳ ሰነበተች! ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በሞርሳ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩት፣ አዲሶቹን አስገባሁ፣ ካሊፐሩን ገጠምኩ፣ በቁልፍ አጠበቅኩ። ያጠበቅኩትን እንደገና ሞከርኩ። ልማድ ነው። እኛ ጋ የሠራኸውን ሌላ ሰው አይቶ ሳይፈርምበት አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም ነበር። እዚህ ሠራተኛውም ተቆጣጣሪውም እኔው ነኝ።

ከሰ. 10፡50

ግራውም አለቀ። ከምሳ በኋላ እጄ አስቸገረኝ። አንዱ ብሎን ሦስቴ ወደቀ፤ ሦስቴም በደረቴ ተኝቼ ከመኪናው ሥር አወጣሁት። ሁለቱንም በጣቴ አስገብቼ ቁልፉን ላነሳ ስል ዘነበች ሻይ ይዛ መጣች። ግማሽ ብርጭቆ። ሻይም ተወደደ መሰለኝ። እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ፣ የበረደኝ መስዬ፣ እስክትሄድ ጠበቅኩ። አልሄድ አለች። የእሑዱን ቅበላ አወራችኝ፤ ሥጋው ከየት ይገዛ፣ ማን ይጠራ። ስትሄድልኝ ጎማውን ገጥሜ መኪናዋን ከክሪክ አወረድኩ።

ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ጠነከረ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ስይዛት ቀጥ። ድምፅ የለም። ስመለስ ሜሮን በረንዳው ላይ ቆማ አጨበጨበችልኝ። አባዬ አንደኛ አለችኝ፣ ልክ ሶሊ እንደምትለው። ወገቤ ተቆርጧል። ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማ. 12፡00

ሜሮን ነድታ ሄዳ መጣች። ጸጥ ብላለች አለች። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሆን ብዬ በኤርሚያስ በር በኩል አለፍኩ። ጨረስኩት አልኩት። ጎበዝ ነዎት ጋሼ አለኝ፣ ከልቡ። ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ማ. 1፡00

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ውሎ አየሩ ጢስ ብቻ ነው። ሜሮን ዓይኗን እያሸች ገባች። ጫማዋን እያወለቀች በጨዋታ መሃል፣ ጉብታ ስትዘል በግራ በኩል ቋ ቋ የሚል ነገር አለ፣ መንገዱ ነው መሰለኝ አለች።

መንገዱ አይደለም። ያኔውኑ አወቅኩ።

ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ጎማውን ፈታሁ። የታችኛው ብሎን የለም። የላይኛው በሁለት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሏል። በጣቴ ነው የፈታሁት። በቁልፍ ያልነካሁት ብሎን ስለሆነ በጣት ይፈታል።

ረቡዕ ነው። ሻይ ሲመጣ፣ እጄን ስደብቅ። ዘነበች ስትሄድ ከብሎኑ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ያዝኩ፣ ብሎኑን ትቼ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሜሮን በዚህ ነው ቀለበት መንገዱን የነዳችው። እስከ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሶሊ ከኋላ ቆማ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ከቤት ውስጥ ሶሊ ከአያቷ ጋር ስትሣሣቅ ይሰማኛል። ገብቼ ነገ መኪናዋ አትወጣም፣ ድምፁን ልመርምረው አልኩ። እሺ አባዬ፣ በታክሲ እሄዳለሁ አለች። ውሸት አልተናገርኩም። እውነቱንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ጠ. 2፡30

ኤርሚያስ ጋ ሄጄ ብሎን ጠየቅኩት። ከጣሳው ውስጥ ፈልጎ ልኩን አወጣልኝ። የድሮው ምን ሆነ አለኝ። ዝጎ ነው አልኩ። ብር አልቀበልም አለ። ጌታ ይባርክዎት ሲለኝ መንገድ ጀምሬ ነበር።

አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ገጥሜ፣ አጥብቄ፣ ዝም ብል ማንም አያውቅም።

ጠ. 4፡15

አልገጠምኩትም። በረንዳ ላይ ነኝ።

ያልጻፍኩልህ አንድ ነገር አለ። ተቆጣጣሪ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ግርማ የሚባል ታላቄ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓይኑ እየደከመ ነበር፤ ደበቀው። አንድ ቀን እሱ የፈረመበት ሥራ ላይ የተዘለለ ነገር አገኘሁ። ጻፍኩበት። ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። እኔ ግን በሰላም ተኛሁ፤ ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ሰው መጉዳት ነው ብዬ ብተወው ኖሮ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነበር።

ታዲያ በራሴ ላይ ስደርስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም እላለሁ።

ሜሮን ስትመጣ እነግራታለሁ።

ማ. 1፡30

ነገርኳት። በረንዳው ላይ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ። ያልጠበቀውን ብሎን፣ የጠፋውን ብሎን፣ እጄን፣ ሁሉንም። ስጨርስ አዲሱን ብሎን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ብሎኑን አየችው። ከዚያ «ሶሊ ከኋላ ነበረች» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሐሙስ መገናኛ ጋ መኪና ተደርድሮ ድንገት ይዣለሁ እኮ፣ አባዬ። በኃይል ነው የያዝኩት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«አታውቅም!» ብላ ተነሥታ ገባች። ሶሊን ስታቅፋት በመስኮት አየሁ። ልጅቷ ግራ ገብቷት እግሯን ታወናጭፋለች። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰው የሚገባውን ሲያገኝም ያማል።

ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። «እጅህን ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከፋሲካ።»

«ከገና ነው» አለች ዘነበች። በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቅኩም። «ሻይ ግማሽ ብርጭቆ የምቀዳልህ ቆጥቤ መሰለህ? እንዳይፈስብህ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

  ሦስታችንም ቁጭ አልን። ብርድ ሆነና ገባን።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰ. 10፡30

ሜሮን ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእኔን ቱታ ለብሳ ወጣች። እጅጌውን አራት ጊዜ አጥፋዋለች። አሳየኝ አለች። ኤርሚያስን እንጥራው አልኳት። ይጠራል፣ መጀመሪያ እኔ ልማር አለች።

እኔ በርጩማ ላይ። እጄ ጉልበቴ ላይ። የምሠራው በአፌ ብቻ። ክሪኩን ከየት እንደምታስገባ፣ ቁልፉን በየት በኩል እንደምትይዝ። ለምን እያለች ትጠይቃለች፤ በየለምኑ ሥራውን ታቆማለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ለምን ብሎ የጠየቀኝ ተለማማጅ ጥቂት ነው። ብሎኖቹን በጣቷ አስገባች። ቁልፉን አንሥታ አጠበቀች፣ ከላይም ከታችም። ቀና ብላ ሳታየኝ «አጥብቄያለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ቁጣ ቀርቷል። ይኑር። ይገባኛል።

እጄ ሊነካው ዘረጋ። መለስኩት። የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ኤርሚያስ ከእነሱ ጸሎት ቤት በቀጥታ መጣ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ። ብሎኑ ዝጎ አልነበረም አልኩት። የሆነውን ነገርኩት። ኮቱን አውልቆ ለዘነበች ሰጠ። ግራውን አየ፣ ጨበጠ፣ ወዘወዘ። ማነው ያጠበቀው አለ። ሜሮን እጇን አነሣች። እኔ ጋ ሥራ ጀምሪ አላት። ከዚያ ቀኙን አስፈታ። እሱን ብዙ አየው። «ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ።

«እኔ። ጠዋት ነው የሠራሁት።»

«ምንም አይወጣለትም፣ ጋሼ» አለ።

የሚያጽናናኝ መስሎት ይሆናል። እውነቱን ነው ያለው ግን፤ እኔም አይቼዋለሁ። ጠዋት የሠራሁት ምንም አይወጣለትም።

ጥብስ በላን። ነገ ጾም ይገባል። ኤርሚያስ ቢራ አይጠጣም፤ ለስላሳ አመጣንለት። ሶሊ ኮቱን ለብሳ ግቢውን ዞረች። ከኋላ ወንበር ላይ መቆም ቀርቷል፤ እናቷ ዛሬ ቀበቶ ማሰር አስተማረቻት፣ አልቅሳ አልቅሳ ታሰረች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠ. 4፡30

ወጡ። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። አስፋልቱ ላይ እስክትወጣ ቆሜ ሰማሁ። ምንም አይሰማም። ጎረቤት ምን እየጠበቅክ ነው አለኝ። ምንም አልኩ።

ሜሮን ከሥራ ቦታ ደወለች። ቦሌ አንድ የነርቭ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛልኛለች፣ ለነገ። ሳትጠይቀኝ። ልቆጣ አሰብኩ። በምን አፌ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠ. 4፡20

ክሊኒክ። የምጽፍልህ ጉልበቴ ላይ አድርጌህ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ፣ ድምፁ ጠፍቷል። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንትም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እሳቸውም።

ያመጣችኝ ሜሮን ናት፤ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዳ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ስንወርድ አንድ ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ ፊታችን ገባ። ያዘች። መኪናዋ ቀጥ አለች፤ በመሃላችን አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ለካ እኔም ባዶውን ወለል በሙሉ ጉልበቴ ረግጬዋለሁ። እግሬን ማንሣት አቃተኝ። ሜሮን ወደ ታች አየችና «እኔ ይዤዋለሁ፣ አባዬ» አለችኝ። ቀስ ብዬ አነሣሁት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ሐኪሙ ጋ ስገባ አብሬህ ልግባ ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይ፣ እዚሁ ጠብቂኝ ብያታለሁ። እሺ ብላለች። ካልገባች ግን ለሐኪሙ አልፎ አልፎ ነው፣ ሲደክመኝ ብቻ ነው እንደምለው አውቃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ስሜ ተጠራ። ትግባ። አብራኝ ትግባ። «ነይ» አልኳት።